ድግግሞሽ በቀይ ከመሰረዙ በፊት

አንድ ቃል በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቅ ሲል የአስተማሪ እጅ ወዲያው ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ይሄዳል። ከቃሉ ሥር ይሰመራል፣ ከዳር «ተደጋገመ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከአሥሩም አንድ ሁለት ማርክ ይቀነሳል። ይህ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ሁልጊዜ ግን ትክክል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ድግግሞሽ መቼ የጸሐፊው ድካም፣ መቼ ደግሞ የጸሐፊው ብልሃት እንደሆነ ለመለየት የሚረዳ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ብዙዎቻችን ለማስተማር ልምምድ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ አካባቢ የምንወጣ ስለሆነ ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። እዚያ ስንደርስ የሰው ልጅ ደብተር ልናርም ነው።

እስቲ በመጀመሪያ «ደገመ» የሚለውን ቃል ራሱን እንየው። በእኛ አገር ዳዊት ይደገማል። በሰው ላይ ክፉ ቃል ያነበነበም «ደገመበት» ይባላል፤ ሥራውም ድግምት ነው። ገበሬውም ማሳውን ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ በተለይ ጤፍ የሚዘራበት መሬት አንድ ጊዜ ብቻ ታርሶ አይተውም። እንግዲህ በቋንቋችን መድገም ማለት የተባለውን ነገር በከንቱ መመለስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ለጸሎቱም፣ ለድግምቱም፣ ለእርሻውም መድገም ኃይል መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ያልሠራውን ይሠራል። ይህንን አንድ ነገር ከያዝን የቀረው ቀላል ነው።

የሰዋስው ድግግሞሽ ለብቻው ይውጣ

ስለ ሥነ ጽሑፍ ከመነጋገራችን በፊት ከመንገዳችን ላይ ማንሳት ያለብን ነገር አለ። አማርኛ በተፈጥሮው ደጋጋሚ ቋንቋ ነው። ሰበረ ብለን ሰባበረ እንላለን፤ ለቀመ ብለን ለቃቀመ፣ ቆረጠ ብለን ቆራረጠ እንላለን። ትልቅ ሲበዛ ትልልቅ፣ ረጅም ሲበዛ ረዣዥም፣ አጭር ሲበዛ አጫጭር ይሆናል። ሁለት ሁለት፣ ቤት ለቤት፣ ቀስ በቀስ የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው። ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ነው፤ ነገር ግን የደራሲው ምርጫ አይደለም፤ የቋንቋው ሕግ ነው። «ልጆቹ ትንንሽ ድንጋይ ለቃቀሙ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተደጋገመ ነገር አለ፤ ዘይቤ ግን የለበትም። ተማሪዎች «ድግግሞሽ ያለባቸውን ቃላት አውጡ» ሲባሉ መጀመሪያ ይዘው የሚመጡት ይሄንን ስለሆነ፣ ጥያቄውን የምናወጣው እኛው ልንጠነቀቅ ይገባል። ደራሲው ሊተወው ሲችል ያልተወው ድግግሞሽ ነው የኛ ጉዳይ።

በየት ቦታ ተደገመ?

የመጀመሪያው መለያ ቦታ ነው። ቃሉ ከስንኙ መነሻ ላይ ነው፣ ከመድረሻው ላይ ነው ወይስ ከመካከል? ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስንኞች ለምሳሌ ያህል እኔው የገጣጠምኳቸው ናቸውና እንደ ትልቅ ግጥም አትቁጠሩብኝ።

ማን ያርሰው ማሳውን፣ ማን ይበትን ዘሩን፣
ማን ያጭደው እኸሉን፣ ማን ይወቃው ክምሩን።

እዚህ «ማን» አራት ጊዜ በየሐረጉ ራስ ላይ ቆሟል። የመነሻ ድግግሞሽ እንበለው። ሥራው ምንድነው? አድማጩ ሁለተኛውን «ማን» ሲሰማ ሦስተኛው እንደሚመጣ ያውቃል፤ ስለዚህ ጆሮው ከቃሉ ይልቅ በሚለወጠው ነገር ላይ ያርፋል፤ ከማሳ ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ እኽል፣ ከእኽል ወደ ክምር። የዓመቱ ሥራ በሙሉ በሁለት ስንኝ አለፈ፤ ሠራተኛው ግን የለም። ጥያቄው መልስ ባለማግኘቱ ነው የሚከብደው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የገባችሁ ደግሞ የመልክዕ ድርሰቶችን ታስታውሳላችሁ፤ እያንዳንዱ አርኬ «ሰላም ለ» ብሎ ይጀምርና ከራስ ፀጉር ተነሥቶ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ያም የመነሻ ድግግሞሽ ነው፤ ደጋሚው በቃሉ የያዘው ጽሑፍ ቢጠፋበት ቀጣዩን አርኬ የሚስብበት ገመድም እሱው ነው።

የመድረሻ ድግግሞሽ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ጤፌን ይዤ ብወጣ ዋጋ የለም አሉኝ፣
ቅቤ ይዤ ብወጣ ዋጋ የለም አሉኝ፣
ባዶ እጄን ብወጣ ሌባ ነህ አሉኝ።

ይሄ የገበያ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች መድረሻቸው አንድ ነው፤ ሦስተኛው ግማሹን ጠብቆ ግማሹን ሰበረው። ሳቁ የመጣው ከመስበሩ ነው። ልብ በሉ፣ ለመስበር መጀመሪያ መደገም ነበረበት። ሁለት ጊዜ ካልተደጋገመ ሦስተኛው የሚሰብረው ነገር አይኖረውም። ተረቶቻችን ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስት ሙከራ፣ ሦስት ጥያቄ የሚበዛውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ሁለቱ መንገዱን ያሳያሉ፣ ሦስተኛው ከመንገዱ ይወጣል።

የሰንሰለት ድግግሞሽ የሚባለው የአንዱ ሐረግ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ሲሆን ነው፦ «ከቢቸና ተነሥቼ ደብረ ወርቅ አደርኩ፤ ደብረ ወርቅ አድሬ ሞጣ ገባሁ፤ ሞጣ ገብቼ ዘመድ አጣሁ።» ሰው መንገዱን ሲተርክ በተፈጥሮው እንዲህ ነው የሚናገረው። በተለይ ዕድሜ ጠገብ ሰው ታሪክ ሲያጫውተን «ሄደ። ሄዶ ምን አለ…» እያለ ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ ሰንሰለቱን በጽሑፍ ስናገኘው የአፍ ወሬ ጠረን ይሰጠዋል። የከበባ ድግግሞሽም አለ፤ አንድ ቃል ከፊትም ከኋላም ሆኖ ሐሳቡን እንደ አጥር የሚዘጋበት፤ «ሰው ነው ያጣሁት፣ በሞላ ገበያ ሰው» እንደማለት ነው።

ግሪኮች ለእነዚህ ሁሉ ስም አውጥተዋል፤ የመነሻው አናፎራ፣ የመድረሻው ኤፒስትሮፊ፣ የሰንሰለቱ አናዲፕሎሲስ ይባላል። ስሙን ማወቁ አይከፋም። ግን «አናፎራ» ብሎ ጽፎ ለምን እንደተደገመ ያልተናገረ ተማሪ ግማሽ መልስ ነው የመለሰ።

ድምፅ፣ ቅርጽ፣ ሥር

ቃሉ ሳይደገም ድምፁ የሚደገምበት ጊዜ ብዙ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረት ውስጥ አንድም ቃል አልተደገመም፤ «ር» ግን ሦስት ጊዜ እየተመለሰች ቃላቱን እንደ ድሩ አንድ ላይ ትቋጥራቸዋለች። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለው ደግሞ ከድምፁ በተጨማሪ ቅርጹን ይደግማል፤ ስም፣ «በ»፣ ስም። የመጀመሪያው ግማሽ ለማመን የሚያስቸግር ቢሆን እንኳ የሁለተኛው ግማሽ ልክነት ይሸከመዋል። ጠጅ በብርሌ መጠጣቱን የሚክድ ስለሌለ ነገርም በምሳሌ መሆኑን አድማጭ አብሮ ይቀበላል። ቤት መምታትም በዚሁ በድምፅ ድግግሞሽ ሥር የሚገባ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ስለምንማረው እንጂ ዘመዱ ይሄው ነው።

ሌላው፣ ለእኛ ቋንቋ በጣም የሚስማማው፣ የሥር ድግግሞሽ ነው። ግዕዝም አማርኛም ቃላቸውን ከፊደላት ሥር ስለሚያወጡ፣ አንዱን ሥር በስምም በግሥም እየመለሱ መናገር ይቻላል፤ ሩጫ ሮጠ፣ ሳቅ ሳቀች፣ ለቅሶ አለቀሱ። «አለቀሱ» ብቻ ቢባል ወሬ ነው፤ «ለቅሶ አለቀሱ» ሲባል ግን የሚቀጥለው ነገር ምን ዓይነት ለቅሶ እንደሆነ እንጠብቃለን።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለተኛው ላይ ሌላ ትርጉም የሚሰጥበት ነው። ቢቸና የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር ነውና በስማቸው አንድ ስንኝ እንሞክር፦

ሁሉም በላይ ይላል፣ በላይ ሲሆኑበት።

የፊተኛው «በላይ» በጣልያን ወረራ ጊዜ አባ ኮስትር ተብለው የተጠሩት፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀሉት አርበኛ ስም ነው። የኋለኛው ከላይ ሆኖ መጫን ነው። የኅብር ቅኔ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ቅኔው ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቃል ውስጥ ሲቀብር፣ ይሄኛው ቃሉን ሁለት ጊዜ አውጥቶ ማሳየቱ ነው። በፉከራና በእንጉርጉሮም የጀግና ስም እየተመላለሰ ይጠራል። ስም መድገም አንዳንዴ ሌላ ብልሃት አያስፈልገውም፤ የሌለውን ሰው መጥራት ራሱ በቂ ነው።

ሐሳቡም ይደገማል

ድግግሞሽ የቃል ብቻ አይደለም። ዳዊት የደገመ ሰው እንደሚያውቀው በብዙ መዝሙር የስንኙ ሁለተኛ ግማሽ የመጀመሪያውን ሐሳብ በሌላ ቃል ይመልሰዋል፤ ወይም ደግሞ በተቃራኒው ይመልሰዋል። ይህንን አካሄድ በአውሮፓ በዝርዝር አጥንቶ ስም ያወጣለት ሮበርት ሎውዝ የተባለ የኦክስፎርድ መምህር ሲሆን፣ ስለ ዕብራይስጥ ቅኔ የሰጣቸው ትምህርቶች የታተሙት በ1753 እ.ኤ.አ. ነው። ለእኛ የቆሎ ተማሪ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ስሙን ባያውቀውም ትንፋሹን ያውቀዋል፤ የት ላይ ማሳረፍ፣ የት ላይ መመለስ እንዳለበት። በዚያው በዳዊት ውስጥ 135ኛው መዝሙር (በዕብራይስጡ ቁጥር 136ኛው) 26 ቁጥሮች አሉት፤ የሁሉም መድረሻ አንድ ሐረግ ነው። ለብቻው በዝምታ ለሚያነብ ሰው ይሄ ድካም ነው። ሁለት ወገን ሆኖ አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲመልስ ግን ድካሙ ይጠፋል። ያ ሐረግ ለዓይን አልተጻፈም፤ ለሕዝብ አፍ ነው።

ይህም ወደ አዝማች ያመጣናል።

አዝማችና ተቀባይ

አዝማች በየአርኬው መጨረሻ የሚመለስ ስንኝ ነው። በሰርግ ዘፈን፣ በእንጉርጉሮ፣ በለቅሶ ይገኛል። እኔ ግን በለቅሶው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ድግግሞሽ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከለቅሶ ቤት ነው።

አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ሁለት ስንኝ ትላለች፤ ያሉት ሰዎች ይቀበሏታል። እሷ ትለውጣለች፤ እነሱ ግን ያንኑ ይመልሳሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚቀበሉት ሥራ የሌላቸው ይመስላል። ነገር ግን ያ የሚመለሰው ድምፅ ሦስት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ ለአልቃሽዋ ጊዜ ይሰጣታል፤ ሰዎቹ ሲቀበሉ እሷ ቀጣዩን ስንኝ ትገጥማለች። አሜሪካዊው ሚልማን ፓሪ ከ1933 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. በዩጎዝላቪያ ማንበብ የማይችሉ ገጣሚዎችን ድምፅ እየቀዳ ሲያጠና፣ ረጅም ግጥም በቃል የሚፈጠረው እየተመላለሱ በሚመጡ ሐረጎች ድጋፍ መሆኑን አሳይቷል፤ ነገሩ ከኛ ለቅሶ ቤት ብዙም የራቀ አይደለም። ሁለተኛ፣ ግጥም የማይችለውን ሰው ሁሉ ያስገባዋል። መግጠም የአንድ ሰው ተሰጥኦ ነው፤ መድገም ግን የሁሉም ነው። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ያ ቃል በተመለሰ ቁጥር ከፊቱ የተባለው ነገር ስለሚለያይ፣ ቃሉ ራሱ እየተለወጠ ይሄዳል። አልቃሽዋ ስለ ሟች ጀግንነት ብላ ሲቀበሏት አንድ ነው፤ ሳይዳር ስለቀረው ልጁ ብላ ሲቀበሏት ግን ያው ቃል ሌላ ነው።

አያቴን አንድ ቀን «እምየ፣ ያንኑ ነገር ለምንድነው ደጋግማችሁ የምትሉት?» ብያት «አንድ ጊዜ ያሉትማ መርዶ ነው ልጄ፤ ለቅሶ የሚሆነው ሲመላለስ ነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስካሁን በመጽሐፍ አላገኘሁም።

የአዝማሪውም ቤት ይህንን ያውቃል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይነግረዋል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው አጅቦ ያንኑ ይደግመዋል። ቃሉ የእንግዳው ነው፣ ድምፁ የአዝማሪው ነው። በሁለት አፍ ስላለፈ ስድብም ቢሆን ስድብነቱ ይለዝባል፣ ውዳሴም ቢሆን ይደምቃል። በማኅሌት ደግሞ ሊቃውንቱ አንዱን ቃል ከቁም ዜማ ጀምረው በዝማሜ፣ በመረግድ እያሉ እስከ ጽፋት ያደርሱታል። ቃሉ ያው ነው፤ መቋሚያው፣ ከበሮው፣ ፍጥነቱ ግን እየጨመረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ እልልታው ሲቀልጥ ያን ቃል «ተደጋገመ» ብሎ የሚሰርዝ ማን ነው?

እዚህ ላይ ከመምህሮቻችን መካከል ቅኔ የዘለቁት እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ «ቅኔስ?» ይሉኛል። ልክ ነው። ቅኔ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ የተባሉት ቤቶች በአካሄድ ቢለያዩም፣ ቅኔ አዲስ መሆን እንዳለበት ሁሉም ይስማማሉ። በዛሬው ማኅሌት የተባለ ቅኔ ለነገው አይመለስም፤ ተማሪውም በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል እንጂ የትናንቱን አያመጣም። ሁለት ቤት ብቻ ባለው ጉባኤ ቃና ውስጥ አንድ ቃል በከንቱ ቢደገም ቦታውን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ በአንድ አገር፣ በአንድ ደብር ግቢ ውስጥ እንኳ ሁለት ጥበብ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ውስጥ ቅኔው እንዳይደገም ይጠበቃል፤ ከአጸዱ ውጭ ለቅሶው ሲደጋገም ይውላል። ድግግሞሽ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብሎ በደፈናው መናገር የማይቻለውም ለዚህ ነው። የትኛው ቤት ውስጥ እንዳለን መጀመሪያ መጠየቅ አለብን።

በልብ ወለድና በንግግር

ልብ ወለድ ውስጥ ድግግሞሹ ስለሚራራቅ ለማግኘት ያስቸግራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ያልሰማ በመካከላችን ጥቂት ነው፤ በዛብህ የተማረባት ዲማም የቢቸና ጎረቤት ናት። በዚህ መጽሐፍ ካሣ ዳምጤ የሚባለውን ሰው አገሬው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። ስሙ በተጠራ ቁጥር «ጉዱ» አብሮ ይመጣል። መጀመሪያ ስንሰማው ከጠሪዎቹ ጋር ሆነን እንስቃለን። እየቆየን፣ ሰውየው የሚናገረውን እየሰማን ስንሄድ ግን፣ ያው ቅጽል ወደ ጠሪዎቹ ይዞራል፤ ጉዱ እሱ ነው ወይስ እነሱ? ደራሲው ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር አላብራራውም። ስሙን መደጋገሙ ብቻ ሠራው። እንዲህ ያለውን የመለያ ድግግሞሽ ልንለው እንችላለን።

ከንግግር ደግሞ ዓለም የሚያውቀው የማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ስለ ሕልማቸው የሚናገረውን ሐረግ በየአንቀጹ መነሻ እየመለሱ ነው ሕዝቡን ያንቀሳቀሱት። የሚገርመው ያ ክፍል አስቀድሞ በተዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ሰባኪ ስለነበሩ በሕዝብ ፊት ቆመው ሲናገሩ የመጣላቸው ነው፤ ሕዝቡም ሲመልስላቸው እሳቸው ይጨምራሉ። አውራጅና ተቀባይ ማለት ነው፤ ለቅሶ ቤቱ ሩቅ ሄዶ ነው እንጂ።

አንድ ደብተር

አሁን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ እንመለስ። ባለፈው የልምምድ ዙር ከ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተር መካከል አንዱን አይቻለሁ። ትምህርት ቤቱንም አስተማሪውንም መጥራት አያስፈልግም። ርእሱ «በቤታችን የሆነ ነገር» ነው። ልጁ የጻፈው ይህ ነው፦

«በሬያችን ሞተ። አባቴ ጎረቤት ሄዶ በሬ ለመነ። በሬያችን ሞተ። እናቴ ለበዓል ያስቀመጠችውን ዶሮ ሸጠች። በሬያችን ሞተ። እኔ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረሁ። በሬያችን ሞተ።»

ሦስቱ «በሬያችን ሞተ» በቀይ ተሰርዘው ከሥር «አንድ ጊዜ ካልክ ይበቃል» ተብሎ ተጽፏል። ማርኩ 4 ከ10 ነው።

እስቲ እንፈትነው። የመጀመሪያው ፈተና አውጥቶ ማየት ነው። ሦስቱን ስናወጣ የሚቀረው፦ በሬያችን ሞተ፤ አባቴ በሬ ለመነ፤ እናቴ ዶሮ ሸጠች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ትርጉሙ አለ። ነገር ግን ዶሮዋ ለምን ተሸጠች? ልጁ ለምን ቀረ? ከበሬው ሞት ጋር የሚያያይዛቸው ነገር ጠፍቷል። ልጁ በመድገሙ የተናገረው ምክንያቱን ነበር። በሬው የሞተው አንድ ጊዜ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ግን አራት ጊዜ ሞቷል፤ ለአባትየው፣ ለእናትየው፣ ለልጁ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለሁሉም።

ሁለተኛው ፈተና በተመሳሳይ ቃል መለወጥ ነው። «በሬያችን ሞተ… ከብታችን አለፈ… እንስሳችን ሕይወቱ ተለየ…» ብንል ሳቅ ነው የሚመጣው። ቃሉ መለወጥ እንቢ ካለ ቦታው የራሱ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ፈተና ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ይሄንን የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ባሉበት አነበብኩት። አራተኛው ላይ ስደርስ ዝም አሉ።

ክርክር አልቀረም። የሞጣው ልጅ «ተማሪው አስቦበት አይደለም፤ ማያያዣ ቃል ስላጣ ነው» አለ። «ስለዚህ፣ በመሆኑም ማለት ስለማይችል ነው የደጋገመው፤ ብልሃት የሚባለው ታውቆ ሲሠራ ነው» አለ። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ልጁ ማያያዣ አላወቀ ይሆናል፤ እሱንም ማስተማር የአስተማሪ ግዴታ ነው። ነገር ግን ሰው ሰዋስው ሳይማር ቋንቋውን በሕጉ ይናገር የለም እንዴ? አልቃሽዋስ ስለ አዝማች ትምህርት ወስዳ ነው? ልጁ ያደገው ሐዘን በዚህ መልክ በሚነገርበት አገር ነው። በሬ ለገበሬ ቤት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ስለ ሞት ጻፍ ሲባል የሞት አነጋገሩን ይዞ መጣ። እኔ ብሆን «ማያያዣ ቃላትን ተማር» ብዬ ለብቻ እጽፍለታለሁ፤ ድርሰቱን ግን ሳልነካ ለክፍሉ እንዲያነብ አደርገዋለሁ። የሞጣው ልጅ እስካሁን አልተስማማም። ከፈለገ በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልሱን ይጻፍ፤ ቦታ አለ።

ከንቱ ድግግሞሽ

ሁሉም ግን እንደ በሬው አይደለም። «ትምህርት ጠቃሚ ነው። ትምህርት ለሰው ልጅ በጣም ስለሚጠቅም ጠቃሚ ነው። ስለዚህ ትምህርት ይጠቅማል» የሚለውን በሦስቱ ፈተና ብናስኬደው በመጀመሪያው ይወድቃል። ሁለቱን ብናወጣ የሚጎድል ነገር የለም። በመካከል የተለወጠ ነገር ስለሌለ የሚመለሰው ቃል ያው እንደነበረ ነው፤ አልከበደም፣ አልተሰበረም፣ አልዞረም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በብልሃት የተደገመ ቃል ሲመለስ እንደሄደ ሆኖ አይመጣም።

ሌላው ከንቱ ድግግሞሽ ትርጉሙን በሌላ ቃል ጭኖ የሚመጣው ነው፤ «ወደ ኋላ ተመልሶ»፣ «ወደ ላይ ወጥቶ»፣ «በድጋሚ እንደገና»። ይሄኛውን ለማየት እስከ ሞጣ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎች ማንበብ ይበቃል።

መልመጃ

ከዚህ በታች ካሉት መካከል የሰዋስው የሆነውን፣ ዘይቤ የሆነውንና ከንቱ የሆነውን ለዩ። ዘይቤ ላላችሁት ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሠራ ጻፉ።

ሀ. ልጆቹ እንጨቱን ሰባብረው ትልልቁን ለብቻ ከመሩ።
ለ. ስብሰባው በድጋሚ እንደገና ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።
ሐ. ወንዙ ሞላ ብዬ ቀረሁ፤ ቀርቼ አመሸሁ፤ አምሽቼ አደርኩ፤ አድሬም ብሄድ ወንዙ ሞላ።
መ. ዝናብ ጠፋ ብለን ዝናብ ለመንን፤ ዝናቡ መጣና አዝመራው ላይ ዘነበ።

የ«ሐ» መልስ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱን ብቻ ያገኘ ግማሽ ያገኛል። መልሱ በሚቀጥለው ዕትም በዚሁ ቦታ ይለጠፋል።